ጉም የለበሰችው ደሴት፦ ወደ ሞሮዊንድ ዳግመኛ ጉዞ

አንባቢዬ ሆይ፤ ሰው አንድ ጊዜ ወዳየው አገር ተመልሶ ሲሄድ ከፊተኛው ጉዞ ይልቅ የኋለኛው ያስፈራዋል። በመጀመሪያው ጊዜ የሚፈራው አገሩን ነው፤ በሁለተኛው ጊዜ ግን የሚፈራው ራሱን ነው። «ያን ጊዜ ሰማይ የነካ የመሰለኝ ተራራ ጉብታ ሆኖ ባገኘውስ? ያደነቅሁት ነገር ሁሉ የልጅነት ሞኝነት ቢሆንስ?» እያለ ያመነታል። እኔም ባለፈው የክረምት ዕረፍት ወደ አንዲት ደሴት ዳግመኛ ለመሄድ ስነሣ ይህ ፍርሃት ይዞኝ ነበር።

ደሴቲቱ ቫርደንፌል ትባላለች። በዓለም ካርታ ላይ ቢፈልጓት አያገኟትም፤ ፓስፖርትም ትኬትም አትጠይቅም። የምትገኘው «ሞሮዊንድ» በሚባለው የኮምፒዩተር ጨዋታ ውስጥ ነው። ጨዋታውን በአሜሪካ አገር በሜሪላንድ ያለው ቤቴስዳ የተባለ ኩባንያ በ2002 አወጣው፤ በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። «ኤልደር ስክሮልስ» ከሚባሉት ተከታታይ ጨዋታዎች ሦስተኛው ሲሆን፣ ዓይነቱም «ሮል ፕሌይንግ» የሚሉት ነው፤ ይኸውም ተጫዋቹ የአንድ ሰው ጠባይና ዕድል ለብሶ፣ በሰፊ አገር ውስጥ ወደ ወደደው አቅጣጫ እየሄደ፣ ያሻውን እየሠራ የሚኖርበት ነው። «ይህማ የልጆች መጫወቻ ነው፤ ከጉዞ ታሪክ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አንባቢ ቢኖር እስከ መጨረሻው እንዲታገሠኝ እለምነዋለሁ።

እኔ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። አንድ ቀን ስለ ካርታ አነባበብ ሳስተምር፣ ከትምህርት ቤቱ በር እስከ ቤታቸው ያለውን መንገድ ለማያውቅ እንግዳ እንደሚነግሩ አድርገው እንዲጽፉ ተማሪዎቼን አዘዝኳቸው። ወረቀቶቹን ሰብስቤ ባነብ፣ በብዙዎቹ ላይ ያለው «ታክሲ እንይዛለን፣ ከዚያ እንወርዳለን» ከሚለው የሚያልፍ አልነበረም። «እኔስ በነሱ ዕድሜ መንገድ መናገርን ከየት ተማርኩት?» ብዬ ባስብ፣ ከመማሪያ መጽሐፍ ሳይሆን ከዚያች ደሴት መሆኑ ትዝ አለኝ። በማግሥቱ የደሴቲቱን ሥዕል በስልኬ ላይ ባሳያቸው፣ ከኋላ ወንበር አንዱ ልጅ «መምህር፣ ይኼማ ጭቃ ነው!» አለ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ማታ ቤቴ ገብቼ ስቀመጥ ግን ሳቁ ጠፋኝ። ልጁ እውነቱን ቢሆንስ?

ነገሩ ስለ አንድ ጨዋታ ብቻ ቢሆን ባልተጨነቅሁም ነበር። ነገር ግን ወደዚያች ደሴት መጀመሪያ የሄድኩት ከታላቅ ወንድሜ ጋር ነው። እሱ በሰባት ዓመት ይበልጠኛል። እሱ ኮምፒዩተሩ ፊት ይቀመጣል፤ እኔ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ስለ ነበርኩ ከጎኑ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ደብተር እይዛለሁ። የደሴቲቱ ሰዎች የሚናገሩትን እሱ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እየመለሰ ይነግረኛል፤ እኔ እጽፋለሁ። በኋላ ወንድም ጋሼ ለሥራ ወደ ዱባይ ሄደ። ኮምፒዩተሩም ተበላሽቶ የተጓዝነው ሁሉ ከነማስታወሻው ጠፋ። የቀረው ደብተሩ ብቻ ነው፤ በመጨረሻው ገጽ ላይም ያልሄድንበት አንድ መንገድ ተጽፎ ይገኛል።

ከመርከብ እስከ ጉምሩክ በር

ወደ ቫርደንፌል የሚገቡት እንደ ጀግና በፈረስ ተቀምጠው አይደለም፤ እስረኛ ሆነው፣ በመርከብ ሆድ ውስጥ ነው። ፊቱ ላይ ጠባሳ ያለበት ጂዩብ የሚባል ሌላ እስረኛ ከእንቅልፍ ቀስቅሶ ስምዎን ይጠይቅዎታል። ቀጥሎም ሴይዳ ኒን በምትባል፣ በረግረግ ዳር በተቆረቆረች ትንሽ መንደር ያወርዱዎታል። መጀመሪያ የሚገቡበትም ቤት ቤተ መንግሥት ወይም የጦር ሰፈር እንዳይመስልዎ፤ የጉምሩክ መሥሪያ ቤት ነው። በዚያ አንድ ሽማግሌ ጸሐፊ ሥራዎ ምን እንደ ሆነ፣ በየትኛው ኮከብ እንደ ተወለዱ እየጠየቀ ይመዘግባል። ወረቀትዎን ተቀብለው ወደ ሌላው ክፍል ሄደው ለሹሙ ካላስረከቡ ከግቢው መውጣት የለም። ሹሙም በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ መፈታትዎን ነግሮ፣ ባልሞራ በምትባል ከተማ ለሚኖር አንድ ሰው የሚደርስ የታሸገ ጥቅልና 87 የወርቅ ሳንቲም ሰጥቶ ያሰናብትዎታል።

በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠሩ አንባብያን ይህን ሲያነቡ ፈገግ እንደሚሉ አልጠራጠርም። ሌላው ጨዋታ ሰውን በሰይፍ ሲያስጀምረው ይህ በፋይል ያስጀምረዋል። ይባስ ብሎ ከመንደሩ ጥቂት ራቅ ብሎ በረግረጉ ውስጥ አንድ ሬሳ ወድቆ ያገኛሉ፤ የመንደሩ ቀረጥ ሰብሳቢ ነው። የሰበሰበው ገንዘብና የግብር መዝገቡም ከላዩ ላይ ይገኛል። ገንዘቡን ለመሥሪያ ቤቱ ማስረከብ ወይም በኪስ ማስቀረት ለእርስዎ የተተወ ነው፤ የሚያይ የለም። እኔና ወንድሜ በዚህ ሬሳ ፊት ቆመን ረዥም ክርክር አድርገናል። በመጨረሻ አስረከብን፤ ያስረከብነው ግን ከቅንነት ይልቅ እንያዛለን ብለን ፈርተን እንደ ነበር ዛሬ ልናዘዝ።

ከመንደሩ ወጣ ብለው በእግር ወደ ሰሜን ሲጓዙ ደግሞ ድንገት ከሰማይ ጩኸት ይሰማል፤ አንድ ሰው እየጮኸ መጥቶ ከፊትዎ ወድቆ ይሞታል። ኪሱ ሲፈተሽ ማስታወሻውና ሦስት የአስማት ጥቅልሎች ይገኛሉ። ሰውየው ሰማይ ጠቀስ ዝላይ የሚያዘልል አስማት ፈልስፎ ኖሯል፤ ለመነሣቱ እንጂ ለማረፉ ግን አላሰበበትም። ጥቅልሎቹን ወስደው ቢሞክሯቸው እርስዎም እንደሱ ተፈናጥረው ግማሹን አገር ያቋርጣሉ፤ ስለ ማረፍዎ ካላሰቡበት እንደሱ ይሞታሉ። በዚህች ደሴት ምክር የሚሰጠው እንዲህ ነው።

የአገሩ መልክ

የደሴቲቱን ሥዕል «ጭቃ ነው» ያለው ተማሪዬ ስለ ቀለሙ አልተሳሳተም። ቡናማ፣ ግራጫና የዛገ ብረት ቀለም ይበዛል። ወደ ሰው ፊት ቀርበው ቢያዩ ከእንጨት የተጠረበ ይመስላል፤ ክንድና ትከሻ የሚገናኙበት ቦታ መጋጠሚያው በግልጥ ይታያል። ሰዎቹ ሲራመዱ መገጣጠሚያው እንደ ደረቀ በር ናቸው። ባለሱቁ ሌሊቱን ሙሉ ከቆመበት ንቅንቅ አይልም። አሥር ሰዎች ስለ አንድ ነገር ቢጠየቁ አሥሩም አንድ ቃል ይመልሳሉ። በ2002 ሰዎች ያደነቁት ውኃውን ነበር፤ ነፋስ ሲነካው የሚርገበገብና ሰማዩን የሚያንጸባርቅ ውኃ ያን ጊዜ ብርቅ ነበርና። ዛሬ ግን ውኃው እንኳ ማንንም አያስደንቅም።

ታዲያ ምን ቀረ? የቀረው ቅርጹ ነው። ከሴይዳ ኒን ዳርቻ ሲልት ስትራይደር የሚባለውን እንስሳ ይመልከቱ። እንደ ቤት የገዘፈ፣ እግሮቹ እንደ ባሕር ዛፍ የረዘሙ ነፍሳት ነው። ጀርባው ተቦርቡሮ የመንገደኛ መቀመጫ ሆኗል፤ ነጂውም ከውስጥ ተቀምጦ የእንስሳውን የሰውነት ክፍል እየነካካ ይመራዋል። ሲጮኽ ድምፁ እንደ ረዥም እንጉርጉሮ ነው። ይህን ያየ ሰው ያለ ማንም ማብራሪያ የት እንደ መጣ ይገባዋል፤ ፈረስ ወደሌለበት፣ ሰዎች በአገራቸው ከሚገኘው ፍጥረት ሁሉ መላ ወዳበጁበት አገር መጥቷል።

ቤቶቹም እንዲሁ ናቸው። የአገሩ ተወላጆች ዱንመር ይባላሉ፤ መልካቸው አመድማ፣ ዓይናቸው ቀይ ነው። በታላላቅ ቤቶች የተከፋፈሉ ሲሆኑ እያንዳንዱ ቤት የራሱ የአሠራር ዘዴ አለው። ነጋዴዎቹ ህላሉዎች ጣሪያው ጠፍጣፋ የሆነ የጭቃ ቀለም ያለው ቤት ይሠራሉ። ጦረኞቹ ሬዶራኖች የሚኖሩበት አልድሩን በአመድ ነፋስ መካከል ያለች ከተማ ስለ ሆነች ቤቶቿ እንደ ነፍሳት ቅርፊት የተጎበጡ ናቸው፤ መኳንንቷም በጥንት ዘመን በሞተ አንድ ግዙፍ ሸርጣን ቅርፊት ሥር ይኖራሉ። ጠንቋዮቹ ቴልቫኒዎች ደግሞ ቤት አይሠሩም፤ ግዙፍ እንጉዳይ አብቅለው በውስጡ ይገባሉ። በነሱ ግንብ ውስጥ ወደ ጌታው እልፍኝ የሚያወጣ ደረጃ የለም፤ በአየር ላይ መንሳፈፍ የማይችል እንግዳ እታች ይቀራል። ደረጃውን የተዉት ረስተውት አይደለም፤ ንቀት ነው።

በደቡብ ጠረፍ ቪቬክ የምትባለው ከተማ በባሕር ላይ ተሠርታለች። እያንዳንዱ ሰፈር በደርብ በደርቡ እየጠበበ የሚወጣ አንድ ሕንጻ ሲሆን፣ ሰፈሮቹ በድልድይ ይገናኛሉ። ከከተማዋ በላይ አንድ ቋጥኝ ከሰማይ ሲወርድ ተገትቶ በአየር ላይ ቆሟል፤ ሆዱ ተፈልፍሎም እስር ቤት ሆኗል። ከታች የሚመላለሰው ሕዝብ ቀና ብሎ አያየውም፤ ለምዶታል። በየሰፈሩ በተሰቀለው ጨርቅ ላይ የተጻፈው ፊደልም የአገሩ ፊደል እንጂ እንግሊዝኛ አይደለም፤ ማንበብ የፈለገ ፊደል መቁጠር አለበት።

ከዚህ ሁሉ መካከል የድንጋይ ግንብና ባለ ማማ ምሽግ ያያሉ። በሌሎች ተረቶችና ፊልሞች በየጊዜው የምናየው የአውሮፓ ቤተ መንግሥት ዓይነት ነው። በሌላ ጨዋታ ቢሆን ይህ የተለመደው መልክ በሆነ ነበር። በቫርደንፌል ግን ይህ ግንብ የወራሪው ነው። አገሩን የያዘው የባሕር ማዶ መንግሥት ወታደሮቹን ያሰፈረበት ስለ ሆነ፣ በእንጉዳዩና በቅርፊቱ መካከል ባዕድነቱ ከሩቅ ያስታውቃል። ማን ባለ አገር፣ ማን መጤ እንደ ሆነ ያለ አንድ ቃል በሕንጻ ብቻ የተነገረበት ጨዋታ ከዚህ ሌላ እምብዛም አላየሁም። የዚህ ሁሉ ቅርጽ መነሻ ከሆኑት ሥዕሎች ብዙዎቹን የሣለው ማይክል ከርክብራይድ ነው።

ከዚህ በፊት በ1996 የወጣው ሁለተኛው ጨዋታ «ዳገርፎል» እጅግ የሰፋ አገር ነበረው፤ ስፋቱ ግን በአብዛኛው ኮምፒዩተሩ በራሱ ቀመር የዘረጋው በመሆኑ መንደሩ ከመንደር አይለይም ነበር። በሞሮዊንድ ሠሪዎቹ አገሩን አጥብበው በእጃቸው አበጁት። ከዚህ በኋላ በ2006 የወጣው «ኦብሊቪየን» ለዓይን የሚስማማ አረንጓዴ ጫካ ይዞ መጣ፤ በ2025ም በአዲስ ሥዕል ታድሶ ወጥቷል። ውብ ነው፤ አልክድም። ነገር ግን ጫካውን ሳየው ከዚህ በፊት ያየሁት ይመስለኛል። ሲልት ስትራይደርን ግን ከቫርደንፌል በቀር የትም አላየሁትም።

መንገድ መጠየቅ

የቫርደንፌል ትልቁ ነገር ግን መንገዱ ነው። በኋላ ዘመን ጨዋታዎች ተጫዋቹ ወዴት እንደሚሄድ የሚያመለክት ምልክት በስክሪኑ ላይ ይቀመጥለታል፤ ዓይኑን ምልክቱ ላይ ተክሎ ይሄዳል። በሞሮዊንድ እንዲህ ያለ ምልክት የለም። ሰው ጠይቆ የተነገረውን መያዝ ነው፤ «በወንዙ ተከትለህ ውረድ፤ ምሽጉን እለፍ፤ የጥንቱን ድልድይ ስታገኝ ተሻገር» ይባላሉ። የተነገረውን ሁሉ የሚመዘግብ የጉዞ ማስታወሻ አለ፤ መንገዱን ግን ማስታወሻው አይሄድልዎትም። ከሩቅ ከተማ ወደ ሩቅ ከተማ ለመድረስ ቢሹም እንደ አውቶቡስ በሲልት ስትራይደር ወይም በጀልባ ተሳፍረው፣ ከፍለው፣ መሥመር ቀይረው ነው።

መጤ ስለ ሆኑ ደግሞ ሰው ሁሉ ደስ ብሎት አይመልስልዎትም። ፊት ይነሣሉ፤ «ባዕድ» እያሉ ይጠሩዎታል። ቁልፍ የሆነውን ሰው ተቆጥተው ቢገድሉት እንኳ ጨዋታው አይከለክልዎትም፤ የዕጣ ፈንታው ክር መበጠሱን ብቻ ነግሮ፣ በተበላሸው ዓለም ውስጥ መኖር ከወደዱ እንዲኖሩ ይተውዎታል። እንደ ትልቅ ሰው የሚያከብር ጨዋታ ነው።

እኔና ወንድሜ መጀመሪያ የተላክነው አርክንግታንድ ወደሚባል፣ ድዌመር የተባለ የጠፋ ሕዝብ ወደ ሠራው የብረት ፍርስራሽ ነበር፤ ከዚያም አንዲት ትንሽ ሣጥን ማምጣት ነው። መንገዱ ከባልሞራ ወጥቶ፣ የሙንሞዝን ምሽግ አልፎ፣ ጥልቅ ሸለቆ ከሚሻገር አሮጌ ድልድይ ማዶ ነው። ወንድሜ ግን ገና የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበርና፣ በእንግሊዝኛው ውስጥ «ፓስት» የሚለውን ቃል ሲያይ በሰዋስው ክፍል የተማረው ያለፈ ጊዜ ትዝ ብሎት «ከድልድዩ በፊት» ብሎ ተረጎመው። እኔም ይህንኑ ጻፍኩ።

ስለዚህ ከድልድዩ በፊት ወደ ሸለቆው ወረድን። ሸለቆው የቀለጠ ድንጋይ ይፈስበት የነበረ የእሳተ ገሞራ መውረጃ ነው። ወደ ላይ እየተከተልነው ብንሄድ መሬቱ እየጠቆረ፣ ሰማዩ እየቀላ ሄደ፤ የአመድ ዐውሎ ነፋስም ተነሣ። በመጨረሻ ከጉሙ ውስጥ በሰማያዊ ብርሃን የሚንቀለቀል ታላቅ አጥር ብቅ አለ። የቀዩ ተራራ አጥር ነበር፤ ጨዋታው ሊፈጸም ሲል የሚደረስበት ቦታ ነው። እኛ ግን በተሳሳተ ቃል ምክንያት በሁለተኛው ቀናችን ደረስን። ወንድሜ እጁን ከኪቦርዱ አንሥቶ «አንተ፣ የት አገባኸን?» አለኝ። ለአንድ አፍታ ሁለታችንም ዝም አልን። ከዚያ የሆነ ነገር መጥቶ ገደለን።

«ፓስት» ማለት ቦታን ሲያመለክት «አልፎ» ማለት እንደ ሆነ ከዚያን ቀን ጀምሮ አልረሳሁም። ሣጥኗንም በኋላ አገኘናት፤ በአንዲት ጠባብ ክፍል መደርደሪያ ላይ ተቀምጣ ሦስት ጊዜ በአጠገቧ አልፈን ነበር።

ጉሙ ሲገፈፍ

የ2002 ኮምፒዩተር ደካማ ስለ ነበር ሩቁን አገር መሣል አይችልም ነበር። ስለዚህ ሠሪዎቹ ሩቁን በጉም ሸፈኑት። ተጓዡ የሚያየው ከፊቱ ያለውን ጥቂት መሬት ብቻ ነው፤ ሲራመድ አዲሱ ከጉሙ ይወጣል፣ አሮጌው ወደ ጉሙ ይገባል። ዛሬ ይህ ችግር የለም። በፈቃዳቸው የሚሠሩ የፕሮግራም አዋቂዎች «ኦፕን ኤም ደብሊው» የሚባል ነጻ ሶፍትዌር ሠርተዋል፤ ጨዋታው በእሱ ላይ ሲከፈት የወደዱትን ያህል ርቀት ማየት ይቻላል።

እኔም በዚህ ሶፍትዌር ጉሙን ገፈፍኩትና ከባልሞራ በላይ ወዳለው ኮረብታ ወጣሁ። አንባቢዬ፣ ምነው ባልወጣሁ! ያ የሚያስፈራው ቀይ ተራራ እዚያው ጓሮ ነበር። ብዙ ማታ የፈጀብን የቪቬክ ከተማ ከፊቴ ተቀምጣለች። ከሴይዳ ኒን ባልሞራ ለመድረስ አንድ ቅዳሜ ሙሉ የጨረስንበት መንገድ፣ እግሩ ለፈታ ተጓዥ ሩብ ሰዓት አይሞላም። ያ ሁሉ አገር ቡና ተፈልቶ ሦስተኛው ሳይደርስ የሚዞሩት መንደር ሆነብኝ። ተማሪዬ ትክክል ነበር አልኩ፤ ጭቃውንም ሰፊ አስመስሎ ያሳየን ጉሙ ብቻ ኖሯል።

ወዲያው ወደ ዱባይ ደወልኩ። «ወንድም ጋሼ፣ አገሩ እኮ ትንሽ ነው!» አልኩት።

«የቱ አገር?» አለ፤ ከሥራ መውጣቱ ነበር። ስነግረው ሳቀ። እኔም ጉሙ ምን ያህል መልካም ነገር እንደ ነበር፣ የዛሬ ልጆች በምልክት እየተመሩ መንገድ መጠየቅ እንደ ረሱ፣ አንድ የክፍለ ጊዜ ሙሉ የሚያስተምር በሚመስል ቃል አስረዳሁት። ጨርሼ እስክተነፍስ ጠበቀና እንዲህ አለኝ፦ «አንተ ልጅ፣ እኔ ያን ጊዜም ጉሙን አልወደውም ነበር። አንተ በርጩማ ላይ ተቀምጠህ ትጽፋለህ፤ ከጉሙ የሚወጣውን የምጋፈጠው እኔ ነበርኩ። እዚህ መጥቼ ዕቃ በመኪና ማድረስ ስጀምር ከተማውን አላውቀውም፣ ቋንቋውን አልችለውም። ስልኬ መንገዱን ባይነግረኝ ኖሮ አንድ ሳምንት አልቆይም ነበር። ምልክቱን አትናቅብኝ።»

የምመልሰው አጣሁ። ለተቀመጠ ሰው ጉምን ማወደስ ቀላል ነው። ከዚያ ወንድሜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የመጨረሻውን ገጽ ሄድክበት?» ሲል ጠየቀኝ። አልሄድኩም አልኩት። «እንግዲያው ሂድበት። እኔ እንደ ሆነ ቀርቶብኛል» አለ።

የመጨረሻው ገጽ

ጉሙን እንደ ቀድሞው መልሼ፣ ደብተሩን ከጎኔ አድርጌ ተነሣሁ። ገጹ ላይ በልጅነት ጽሕፈቴ የሰፈረው፣ ከማር ጋን መንደር ተነሥቶ ወደ ሰሜን በአመዱ ምድር አልፎ ኡርሺላኩ የተባሉ ዘላኖች ወደሰፈሩበት የሚያደርሰው መንገድ ነው። ከግርጌው ወንድሜ በራሱ እጅ «ሳይጠሩ ወደ አለቃው ድንኳን አይገባም፤ ስጦታ ይያዝ» ብሎ ጨምሮበታል።

ከማር ጋን ወጥቼ ብዙ ሳልርቅ የአመዱ ነፋስ መጣ። በዚህ ጊዜ የተጓዡ እጅ በራሱ ተነሥቶ ፊቱን ይጋርዳል፤ ይህቺን ትንሽ ነገር ረስቻት ኖሬ ሳያት ልቤን ነካችው። በሃያ ዓመት አሮጌ ሥዕል ውስጥ፣ ፊቱ እንደ እንጨት የሆነ ሰው ዓይኑን ከአመድ ለማዳን ክንዱን ያነሣል። መንገዱንም ሳትኩ። ከላይ ክሊፍ ሬሰር የሚባሉት ክንፋም አውሬዎች እየጮኹ ወረዱብኝ፤ ሮጬ ደክሜ ስለ ነበር ሰይፌ አልመታ አለኝ። በጭንቅ አምልጬ ከአንድ ቋጥኝ ሥር ቆምኩና ደብተሩን እንደ ገና አነበብኩ።

ያን ጊዜ ከኮረብታው ሆኜ ያላስተዋልኩትን ነገር ከቋጥኙ ሥር አስተዋልኩ። በየመታጠፊያው አንድ የሚታወቅ ነገር ቆሞ ነበር፤ እዚህ የድዌመሮች የብረት ጉልላት፣ እዚያ የደረቀ ዛፍ፣ ወዲያ ሁለት ቋጥኞች እንደ በር የቆሙበት ቦታ። መንገዱ የሚጠመዘዘውና ኮረብታው እይታን የሚጋርደው በከንቱ አልነበረም። ሠሪዎቹ ሩቁን ማሳየት እንደማይችሉ ስላወቁ፣ ቅርቡ ሁሉ ስሙን እንዲናገር አድርገው ቀርጸውታል። ደግነቱ የጉሙ አይደለም፤ ጉሙ ድህነት ነበር። ደግነቱ ጉሙን ዐውቆ ለመንገደኛው የሠራው እጅ ነው። ጉሙን ስገፍ የጠፋብኝም ስፋቱ ብቻ አልነበረም፤ ከሩቅ ሳይ የሚያናግረኝን የቅርቡን ነገር ዘልዬው ኖሯል።

ወንድሜም አልተሳሳተም። በዱባይ መንገድ ላይ የስልኩ ምልክት የማያውቀውን አገር እንግዳ የሚያደርስ እጅ ነው። በቫርደንፌል ደግሞ ያንኑ ሥራ የሚሠሩት ጉልላቱና የሰው ቃል ናቸው። እንግዳውን ያሰበለት ሠሪ መኖሩ ነው ቁም ነገሩ።

ሊመሽ ሲል ከግራጫው ውስጥ የድንኳኖች ጥላ ታየኝ፤ በመካከላቸውም እሳት ይነድ ነበር። ወደ አለቃው ድንኳን አልገባሁም። ከውጭ ቆሜ፣ ወንድሜ እንዳዘዘው መጀመሪያ ሰው አናገርኩ። የደብተሩን ገጽ በስልኬ ፎቶ አንሥቼ «ደረስን» ብዬ ላክሁለት። መልሱ ወዲያው አልመጣም፤ ሌሊት በሥራ ላይ ነበርና። ጠዋት ሳየው «ስጦታውን ሰጠህ?» የሚል ብቻ ነበር።

ትምህርት ሲከፈት ያቺኑ ገጽ ለተማሪዎቼ አነበብኩላቸው፤ «ከድልድዩ በፊት» ያልነውን ስሕተትም ነገርኳቸው። ጭቃ ነው ላለውም ልጅ፣ የባልሞራ ቤቶች በእርግጥ የጭቃ ቀለም እንዳላቸው አልካድኩም። ከዚያ ወረቀት አስወጥቼ፣ ከትምህርት ቤቱ በር እስከ ቤታቸው ያለውን መንገድ እንደ ገና አስጻፍኳቸው፤ በዚህ ጊዜ ግን መጀመሪያ በእግራቸው ሄደው፣ ዓይነ ሥውር ያልሆነ ነገር ግን ስልክ የሌለው እንግዳ እንዳይጠፋ አድርገው ነው። ወረቀቶቹን ገና እያረምኩ ነኝ።

እርስዎም፣ አንባቢዬ፣ ወደዚያች ደሴት ለመሄድ ቢነሡ ጥቂት ምክር ልስጥዎና ላብቃ። እርሳስና ወረቀት ይያዙ። የመጀመሪያውን መንገድ በእግርዎ ይሂዱ፤ እርምጃዎ ቢዘገይብዎም «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የተባለው እዚህ በእውነት ይሠራልና አይናደዱ። ደክሞዎት ሳለ ከክንፋሞቹ ጋር አይጣሉ። ጉሙን ወዲያው አይግፈፉት፤ ከገፈፉትም በኋላ ወርደው ቅርቡን ይዩ። ቢጠፋዎት ደግሞ ቆመው ይጠይቁ፤ ሰዎቹ «ባዕድ» ብለው ፊት ቢነሱዎትም መንገዱን ይነግሩዎታል።